ስም የዘራንባቸው ወንበሮች

ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ቢሮ ውስጥ የነበረው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ ሁለት ወንበርና ጣሪያው ላይ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ኢድሪስ ነጭ ጀላብያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሱዳን ጨርቅና ሽቶ እያመጡ የነገዱ ሰው ናቸው። የአውሮፕላን ትኬት መሸጥ የጀመሩት እግራቸው ሲደክም ነው። እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥሁ ነበርሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ምላሴም አያርፍም። የቀጠሩኝ ለሁለተኛው መሰለኝ።

ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የመስመር ደብተር ሰጡኝ። ጎንደር አየር መንገዱ ቢሮ ደውዪ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ለሚሄደው በረራ የነገውን፣ የተነገ ወዲያውን፣ የሳምንቱን ስንት ወንበር ክፍት እንዳለ ጠይቂ፣ የነገሩሽን ጻፊ፣ በየቀኑም እንዲሁ አድርጊ አሉኝ። ገና ማንም ደንበኛ አልመጣ፣ ለማን ነው የምጽፈው አልኋቸው። ሰሊጥ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ገበያውን ዞሮ ያያል፣ የኛ ገበያ ወንበር ነው አሉኝ። ጻፍሁ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሆዱ የገፋ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። አውሮፕላኑ የሚሽከረከር ነገር አፍንጫው ላይ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም። ጎንደር መልሼ ደወልሁ። አለው አሉኝ። ሰውየው እኔ ወፍጮ ላይ ተቀምጬ አልሄድም ብሎ ወጣ። ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር ያዝሁ። አውሮፕላን ሁሉ አንድ አይደለም፣ ትንሽም ትልቅም አለ፣ የትኛው እንደሚመጣ ካላወቅሁ ስንት ሰው እንደሚሄድ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነትም መጻፍ ጀመርሁ።

አውሮፕላን በኛ ከተማ አያርፍም። መንገደኛችን በአውቶቡስ አይከልን አልፎ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርስና ከዚያ ይሳፈራል። ስለዚህ ከመተማ ዮሐንስ የመጣው ነጋዴም፣ ከገለጉ የመጣው ገበሬም፣ ሲቆጠር የሚቆጠረው ጎንደር ተብሎ ነው። ይኸ ነገር ያናድደኝ ነበር። ሰሊጡ የኛ፣ ሰው የኛ፣ ስሙ የጎንደር። እኔ በደብተሬ የኛን ለብቻ እጽፍ ነበር።

ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ሲሞላ ሌላ። በዓመታት ውስጥ ወንበር እንደ ወንዝ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ከደብተሮቹ አየሁ። በነሐሴ ግማሹ ባዶ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ ሂላ ሆኖ፣ ማለት ነዶው እንዲደርቅ ተደጋግፎ ሲቆም፣ ቀን ሠራተኛው ከጎጃምና ከወሎ ሲጎርፍ፣ ገዥዎች ከአዲስ አበባ መመላለስ ይጀምራሉ። ኅዳር ላይ አንድ ወንበር ለማግኘት መለማመጥ ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት ትልቅ አውሮፕላን ይገባል፣ ያን ጊዜ ትንሽ እንተነፍሳለን። መጀመሪያ በቀን አንድ የነበረው በረራ ሁለት ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። ትንሹ በትልቅ ተተካ። ያን የወፍጮ ነጋዴ ፈልጌ፣ አሁን ና አይሽከረከርም ብለው ደስ ባለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ካርቱም የሚሄደውንም እንሸጥ ነበር። ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ የሱዳኑ ጋላባት ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ ነው፣ ለምን በአውሮፕላን ይዞራል ይላል። ግን ነጋዴ ጊዜ ይፈልጋል፣ ካርቱም ደርሶም ወደ ሌላ አገር ይቀጥላል። ያ መስመር በደብተሬ ውስጥ ራሱን የቻለ ገጽ ነበረው።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። ይኸን የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው።

ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ጎንደር መደወል ቀረ፣ ቦታውን እኛው ከዚያው እንይዛለን። ቦታ ሲያዝ ትኬቱ እስኪቆረጥ ድረስ ገደብ አለው። ገደቡ ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱ ይለቀዋል። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን፣ ሰሊጥ ገዥዎቹ ከመምጣታቸው ብዙ ቀን በፊት ባልመጣ ሰው ስም ቦታ እንይዛለን። ገደቡ ሊያልፍ ሲል ስሙን እንሰርዝና በዚያችው ደቂቃ በሌላ ስም መልሰን እንይዛለን። እውነተኛው ደንበኛ ሲመጣ የኛን ሰርዘን የሱን እናስገባለታለን። ካልመጣ ግን ስሙ እየታደሰ እስከ በረራው ቀን እዚያው ይቆያል። ጎንደር ያሉት ትኬት ሻጮችም፣ እኛም፣ ሁላችንም እንዲህ እናደርግ ነበር። ስሙንም ከገበሬው ወስደን ዘር እንለው ነበር። ጠዋት ስንደዋወል ሰላምታችን "ለኅዳር ዘርታችኋል?" ነው።

ሐጂ ሲያስተምሩኝ ከራስሽ ቤተሰብ ስም ጀምሪ፣ አይጠፋብሽም አሉኝ። በአባቴ ስም ጀመርሁ፣ ኑሩ ሰይድ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ በሕይወቱም ከአይከል ማዶ ያለፈ ሰው አልነበረም። ከሞተ በኋላ ግን በየሳምንቱ አዲስ አበባ ቦታ ይያዝለት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ከዚያ አክስቶቼን ጨረስሁ፣ ጎረቤቶቼን ጨረስሁ፣ በመጨረሻ ከራሴ ስም ማውጣት ጀመርሁ። የያዝኋቸውን ስሞች እንዳልረሳ በየቀናቸው ደብተሬ ላይ እጽፋቸው ነበር።

ጎበዝ ነበርሁ። እውነቱን ልናገር፣ ኩራትም ነበረኝ። ኅዳር ላይ ጎንደር ያሉት ትልልቅ ቢሮዎች ወንበር አጥተው ወደኔ ይደውሉ ነበር። ጠዋት ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ የማደርገው፣ ገደባቸው የደረሰውን ስሞች ማደስ ነው። ጣቶቼ ሲሰርዙና ሲይዙ ዓይኔ አያያቸውም ነበር።

ጎንደር የአውሮፕላን ማረፊያው ቢሮ ውስጥ አድነው የሚባል ጨዋ ልጅ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ደወለ። "እትዬ ዘይነባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሞልቶ ይታያል፣ በሩ ሲዘጋ ግን ብዙው ሰው የለም" አለኝ። ያልተሳፈሩት እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፣ መንገድ ይዘጋል አልሁት። እሱም ኩባንያው የሚቆጥረው የተሳፈረውን እንጂ የተያዘውን አይደለም፣ እንዲህ ከቀጠለ በረራ ይቀንሳሉ አለኝ። አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔም የኔን ልሥራ ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ያን መልሴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

የዚያን ዓመት ከሰዓት በኋላ የነበረው በረራ ቀረ። ቀጥሎ ትልቁ አውሮፕላን በትንሹ ተተካ። ያ ወፍጮ ተመልሶ መጣ። ሁሉም በኛ ነው አልልም። አገሩም ሰላም አልነበረም፣ ጎብኚም ጠፍቶ ነበር፣ ሌላም የማላውቀው ምክንያት ይኖራል። ግን በደብተሬ ላይ ወንበሩ ገጽ በገጽ ሲያንስ አይ ነበር። ሐጂና እኔ በራኩባው ሥር፣ ማለት ቢሮው በር ላይ ባለችው የሣር ጥላ ሥር ተቀምጠን ኩባንያውን እናማው ነበር። ይኸን ሁሉ ሰሊጥ የሚያመላልስ አገር ረሱት እንል ነበር።

እና ምን አደረግን? ወንበር ስላነሰ ቀድመን ዘራን። አምስት ስም የምንይዝበት ቀን ስምንት መያዝ ጀመርን። ጎንደር ያሉትም እንዲሁ። በረራው ይበልጥ ሞልቶ ይታያል፣ ይበልጥ ባዶውን ይነሣል። እኔ ጋ መጥቶ ሞልቷል ተብሎ በአውቶቡስ የሄደውን ሰው ደግሞ ማንም ጽፎ አያውቅም። እኔ እንኳ፣ ያን ሁሉ ደብተር የሞላሁት፣ አንድም ቀን አልጻፍሁትም።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ የካርቱም ገጽ ባዶውን ቀረ። ሰው በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ መግባት ጀመረ። ልጅ ያዘለች፣ አንድ ፌስታል ብቻ የያዘ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ የኛም አገር ሰው ብዙ ነበር። ከነሱ ውስጥ አቅም ያለው ወደ ገንዳ ውሃ ይመጣና ከጎንደር አዲስ አበባ ወንበር ይጠይቀኛል። ሰው በዝቶ ወንበር ያነሰበት ዘመን እሱ ነው።

አቶ መሰለ የመጣው በዚያ ዘመን፣ በኅዳር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ገለጉ የሚኖር የትራክተር መካኒክ ነው። እጁ ላይ ያለው የግሪስ ጥቁረት በሳሙና የማይለቅ ነበር። ከገለጉ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው። ልጁ ዝና ውጭ ራኩባው ሥር ተቀምጣ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስታያት ግን አሥራ አራት ትመስላለች። የልብ በሽተኛ ናት። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝ። ከውጭ አገር የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተዋል፣ ቀን ቆጥረው ነው የሚሠሩት፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ዝና ሐሙስ ተኝታ ዓርብ እንድትታከም ተራ ደርሷታል። ተራውን የጠበቁት ሦስት ዓመት ነው። ጎንደር ያየቻት ሐኪም አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ እንዳትሞክሯት ብላቸዋለች፣ ያን መንገድ አትችለውም ብላለች። ገንዘቡን ጎረቤት አዋጥቶለት በመሐረብ አስሮ ይዞታል። የፈለገው ለረቡዕ ሁለት ወንበር ነው።

ኮምፒውተሩን አየሁ። ረቡዕ ሞልቷል። ሐሙስ ጠዋትም ሞልቷል። በረቡዕ ውስጥ የኔ አራት ስሞች ነበሩ፣ ከላይ ኑሩ ሰይድ። የያዝኋቸው ግርማቸው ለሚባል የአዲስ አበባ ሰሊጥ ገዥ ነው። ከሰዎቹ ጋር እመለሳለሁ ብሎን ነበር፣ ስንት እንደሆኑ ግን ገና አልነገረንም።

ወደ ውስጥ ገብቼ ለሐጂ ነገርኋቸው። ሁለቱን ለዚህ ሰው ልስጠው አልሁ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። መቁጠሪያቸውን አሽከረከሩ። "ግርማቸው ነገ ጠዋት ይደውላል። እስኪደውል ጠብቂ፣ ከተረፈ ይሰጠዋል" አሉኝ። እኔም እሺ አልሁ። አንድ ቃል አልተከራከርሁም። እኔ፣ ምላሴ አያርፍም የምባለው።

ወጥቼ ለመሰለ ነገ ጠዋት ና አልሁት። አመሰገነኝ። ዝና ከራኩባው ሥር ሆና ጠራችኝ። "እትዬ፣ የአውሮፕላኑ መስኮት ይከፈታል?" አለችኝ። አይከፈትም፣ ግን ውስጡ ነፋስ አለው፣ ከራስሽ በላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ስታዞሪያት ይነፍስልሻል አልኋት። ደስ አላት። እጇን ወደ ላይ አንሥታ ማዞሩን ሞከረችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግርማቸው ደወለ። ሰዎቹ ሌላ ሥራ ይዟቸው ይቆያሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ አለ። መሰለ ፊቴ ቆሟል። የግርማቸውን አስገባሁ፣ ትኬቱንም ቆረጥሁ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ስሞች ሰረዝሁ። የዝናን ስም መጻፍ ጀመርሁ። ዝና መሰለ ብዬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ።

ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ። መሰለ ምን ሆነ አለኝ። አሁን ይመጣል አልሁት። አልመጣም። ወደ ጎንደር ልደውል ብል ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። ጎረቤት ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ሮጥሁ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ወሰድነው። ተከፍቶ፣ ኢንተርኔቱም ተገኝቶ ሳየው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኗል። ረቡዕ ሞልቷል። የለቀቅኋቸውን ሦስት ወንበሮች ሌሎች አንሥተዋቸዋል።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ፣ በተለይ በዚህ ሥራ ያላችሁ ወጣቶች። መሰለ፣ "እህቴ፣ አዘዞ ሄደን በሩ ላይ ብንጠብቅስ? የቀረ ሰው ቢኖር?" አለኝ።

ትክክለኛውን ነገር የጠየቀው እሱ ነው። ትራክተር እንጂ አውሮፕላን የማያውቀው ሰው። እኔ ግን ኮምፒውተሩን አየሁ፣ ሞልቷል ይላል። "ሞልቷል እኮ ነው የምልህ። እዚያ ቆመህ አውቶቡሱም ያመልጥሃል" አልሁት። ያን ስል እየዋሸሁት አልነበረም። የኔ ስሞች ውሸት እንደሆኑ አውቃለሁ። የሌሎቹ ስሞች ግን እውነተኛ ሰዎች መሰሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዘርታችኋል ወይ እየተባባልን፣ የጎንደሮቹም እንደኔው የሞቱ አባቶቻቸውን እንደያዙ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። እኛው ያስመሰልነውን ሙላት እኔው አመንሁት።

ማክሰኞ ቀትር ላይ በጎንደር አውቶቡስ ሄዱ። ዝናን አባቷ አቅፎ ነው ያሳፈራት። በመስኮቱ በኩል እጇን አውጥታ ተሰናበተችኝ። የአውቶቡሱ መስኮት ይከፈታል።

በሳምንቱ ግርማቸው ለሌላ ጭነት ተመልሶ መጣ። ቢሮ ገብቶ ሻይ አዘዘልን። ስለ ጉዞው ሲያወራ እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። "ያን ሁሉ ሞልቷል ስትሉኝ፣ አጠገቤ ማንም የለ፣ ከፊቴም የለ፣ ከኋላዬም የለ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘርግቼ ሄድሁ" አለ። ሐጂ ሳቁ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ።

ወደ አድነው ደወልሁ። የረቡዕ ለታ ስንት ወንበር ባዶ ሄደ አልሁት። መዝገቡን አይቶ ከአሥር በላይ አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ነበር ወይ አልሁት። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ገብተው ሄዱ አለኝ። ለምን ጠየቅሽ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

የአውቶቡሱን ነገር የሰማሁት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆሙ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ በዚያ ዘመን የተለመደ ነው። ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሻንጣ ይዘዋል። የዝናን ተራ ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። በሚቀጥለው ሲመጡ ትጠራለች ተባሉ። ገለጉ ተመለሱ። ዝና ክረምቱ መሐል ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና በማይገባበት ጊዜ አረፈች።

የግርማቸውን ወሬ በሰማሁ ማግስት ለሐጂ ከእንግዲህ አልዘራም አልኋቸው። ተቆጡ። "አንቺ ብትተዪ ሌላው ይዘራል። የኛ ደንበኛ ነው የሚጎዳው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ይዝራ አልሁ። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው አሉኝ። ሰው ሲመጣ ቦታ እይዛለሁ፣ ካጣሁም ስሙን ጽፌ በሩ ላይ እንዲጠብቅ አዘዞ እልከዋለሁ አልሁ። ብዙ ቀን አኩርፈውኝ ቆዩ። ከዚያ አንድ ጠዋት አዲስ ደብተር ገዝተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ስለ ዘሩ ግን ዳግመኛ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁባቸው።

በዚያ ደብተር ላይ የምጽፈው ጠይቆ ያጣውን ሰው ነው። ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ የፈለገው ቀን፣ ለምን። ወር ሲሞላ ገልብጬ ለአድነው እልክለት ነበር፣ እሱም ወደ አለቆቹ ይልከዋል። አነበቡት ወይ አላውቅም። ግርማቸውን ጨምሮ ትልልቆቹ ገዥዎች ወደ ጎንደር ቢሮዎች ሄዱብን። በረራውም በዚያ ምክንያት አልጨመረም። ወንበሩ ዛሬም እንደዚያው ጥቂት ነው።

መሰለ ተመልሶ የመጣው በዓመቱ፣ ሰሊጡ በታጨደበት ኅዳር ነው። ለትራክተር ዕቃ ሊገዛ ገንዳ ውሃ መጥቶ፣ ሲያልፍ እኔን ሰላም ሊል ነው የገባው። ጥቁር ለብሷል። የዝናን ማረፍ ከሱ አፍ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እንዲያውም ስላለቀስሁ ያጽናናኝ እሱ ነው። አንቺ ምን ታደርጊ፣ መብራቱ ነው፣ መንገዱ ነው፣ የሷም ቀን ነው አለኝ። ለፋሽልን ብሎም አመሰገነኝ።

ዝም ብል ኖሮ አመስግኖኝ ይሄድ ነበር። አልቻልሁም። አሮጌውን ደብተር አወጣሁና የዚያን ረቡዕ ገጽ ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥሁ። ስለ ዘሩ ሁሉንም ነገርሁት። አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞ እንደሄደ ነገርሁት። በሩ ላይ እንጠብቅ ስትለኝ ልክ ነበርህ፣ ብትሄዱ ኖሮ ትገቡ ነበር አልሁት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የነገርሁት፣ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

መሰለ ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ማንበብ ይከብደዋል፣ በጣቱ ፊደል በፊደል ነው የሄደው። ኑሩ ሰይድ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን አነበበ።

"እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" አለኝ።

"የመጀመሪያው አባቴ ነው፣ ከሞተ ቆይቷል። ሌሎቹ የሉም። ከራሴ ያወጣኋቸው ናቸው" አልሁት።

ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነው። ወደ ራኩባው፣ እሷ ወደተቀመጠችበት በኩል አየ።

"የኔ ልጅ ግን ነበረች" አለ።

ተነሥቶ የገዛውን ፑሌና ቺንጊያ በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ገለጉ ሰው ሲሄድ ሰላምታ እልካለሁ፣ ደርሶታል ይሉኛል፣ መልስ ግን የለም። እንዲመልስልኝም አልጠብቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐጂም አርፈዋል፣ ቢሮውን የያዘችው የወንድሜ ልጅ ናት። አንዳንድ ቀን ራኩባው ሥር ተቀምጬ ስትሠራ አያታለሁ። ለእሷ የነገርኋትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ፊታችሁ ላልቆመ ሰው ወንበር አትያዙ። ሞልቷል ከማለታችሁም በፊት ማን እንደያዘው ጠይቁ።